አጭር ልብ ወለድን ክፍል ውስጥ ማስተማር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የማስተምረው ሀዋሳ ነው። ቀን ቀን 10ኛ እና 11ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ፤ ማታ ደግሞ ኮሌጅ ሥነ ጽሑፍ። ጥያቄዎቹን የለቀምኳቸው ከስታፍ ወሬ ነው። አዲስ የተመደቡ መምህራን ሻይ ሰዓት ላይ ይጠይቁኛል፣ አንዳንዱም ማታ በቴሌግራም ይመጣል። መልሶቹ የመመሪያ መልሶች አይደሉም። ክፍል ገብቼ የሠራልኝን ነው የጻፍኩት፤ ያልሠራልኝንም ጭምር።

አጭር የሚባለው ስንት ገጽ ሲሆን ነው?

የገጽ ሕግ የለውም። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1842 በጻፈው ሂስ ላይ መለኪያው አንድ ቁጭታ ነው ብሎ ነበር፤ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ተነብቦ የሚያልቅ ማለቱ ነው። እሱ ግን ስም አይጠራም፣ ሰሌዳ አያጠፋም፣ ያረፈደ ተማሪም አያስገባም። የእኛ 40 ደቂቃ ይህ ሁሉ ሲቀነስለት 30 ይሆናል።

እኔ አንድ ገጽ ጮክ ብዬ ሳነብ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጅብኛል። ስለዚህ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ከአምስት ገጽ የሚያልፍ ታሪክ አልይዝም። ግማሹ ለንባብ፣ ግማሹ ለወሬ። ታሪኩ ረዘም ካለ ለሁለት ቀን ይከፈላል። መቁረጫውን ግን ቤታችሁ ሆናችሁ ምረጡ። ደወሉ ከቆረጠላችሁ ቀሽም ቦታ ላይ ነው የሚቆርጠው።

ስልሳ ተማሪ አለኝ፤ መጽሐፉ አንድ ነው። ምን ላድርግ?

አንብቡላቸው። ፎቶ ኮፒ ከተገኘ ጥሩ፣ ለሦስት አንድ ይበቃል። ካልተገኘም ታሪክ በጆሮ ይገባል። እነዚህ ልጆች «ተረት ተረት» ሲባሉ «የላም በረት» እያሉ ነው ያደጉት፤ ያም ባይሆን በየቤታቸው ቋንቋ የእሱ አምሳያ አለ። ጆሯቸው ከዓይናቸው ቀድሞ ሠልጥኗል።

እኔ ለዓመታት ተራ በተራ ሳስነብብ ኖሬያለሁ። አንዱ አንድ አንቀጽ፣ ሌላው ቀጣዩን። ተረኛው የራሱን አንቀጽ ሲፈልግ የሌላውን አይሰማም። አንብቦ የጨረሰው ዴስኩ ላይ ይጋደማል። የሚንተባተበው ልጅ ላብ በላብ ይሆናል። ታሪኩም መሀል ላይ ይሞታል። የንባብ ልምምድ የራሱ ክፍለ ጊዜ ይኑረው። ታሪኩን በሰጣችሁበት ቀን አንባቢው እናንተ ሁኑ። ወይም ከዋዜማው ቤቱ ወስዶ የተለማመደ አንድ ጎበዝ አንባቢ ይሁን።

ክፍል ከመግባታችሁ በፊት ብቻችሁን ጮክ ብላችሁ ሞክሩት። እኔ ማድ ቤት ውስጥ ነው የምለማመደው። ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» እያለች ትገባለች።

አንድ ነገር ግን አለ። የሀዋሳ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የማንም ድምፅ አያሸንፈውም። ለእንዲህ ያለው ቀን ሰሌዳ ላይ የሚጻፍ አንድ አጭር ቁራጭ በደብተሬ ይዤ እዞራለሁ። ቀጥሎ የምታገኙት የዓሣ አጥማጁ ታሪክ ለዝናብ ቀን የተጻፈ ነው።

«ጭብጡ ምንድን ነው?» ስላቸው ምክር ይመልሱልኛል። ምን ይሻላል?

እንደ እኔ ዋናው ጥያቄ ይኼ ነው። ታሪኩ ስለ ምንም ይሁን መልሱ ያው ነው፦ «መዋሸት ጥሩ አይደለም።» «ወላጆቻችንን ማክበር አለብን።» አንዴ ባቡር ላይ ስለተለያዩ ሁለት ጓደኛሞች የሚያወራ ታሪክ አንብቤላቸው «የትራፊክ ደንብ ማክበር አለብን» ያለኝ ተማሪ አለ።

በልጆቹ አትፍረዱ። ያደጉበት ተረት በምክር ይዘጋል፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ከመባሉ በፊት አንድ ቁም ነገር ጣል ይደረጋል። እኛም ብንሆን በየፈተናው ጭብጥን ከሀ እስከ መ ደርድረን አንዱን አክብቡ ስንል ኖረናል። ልጁ የተማረውን ነው የመለሰልን። አጭር ልብ ወለድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክሩን አይሰጥም። ዋናውን ነገር ይደብቅና አጠገቡ ያለውን ዕቃ ያሳያችኋል።

ስለዚህ ጭብጥን መጨረሻ ላይ ጠይቁ። አንዳንዴ ጭራሽ አትጠይቁ። (ይህን ስል የትምህርት ክፍል ተጠሪዎች ፊታቸው ይለዋወጣል።) መጀመሪያ «ምን አያችሁ?» በሉ። ቀጥሎ «ምኑ ነው ያልተነገረን?» በሉ። በዝናብ ቀን ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ይኼን ነው፦

«አባቴ ከሐይቅ ሲመለስ እናቴ ሁልጊዜ በር ላይ ቆማ ትጠብቀዋለች። ያን ቀን አልጠበቀችውም። ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ትከትፋለች። አባቴ ባዶ ቅርጫቱን ግድግዳው ሥር አስቀመጠ። ‹ዛሬ ዓሣው ጠፍቷል› አለ። እናቴ ቢላዋውን ሳታቆም ‹ትናንትም ጠፍቶ ነበር› አለች። የአባቴን ሱሪ አየሁት። ደረቅ ነበር። ጫፉ ላይ ቀይ አፈር ይዟል። ሐይቁ ዳር ቀይ አፈር የለም። እናቴም ሱሪውን አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ‹ሂድ፣ ከእነ እትዬ በርበሬ ተበደር› አለችኝ። የበርበሬው ቅል ግን ሙሉ ነበር።»

አለቀ። ክፍሉ መጀመሪያ ዝም ይላል። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፦ «ቲቸር፣ ሰውዬው ሐይቅ አልሄደም።» በምን አወቅህ? «ሱሪው ደረቅ ነዋ!» ታዲያ የት ሄደ? እዚህ ላይ ነገሩ ይጦፋል። ሌላ ሚስት አለችው የሚል አይጠፋም። ቁማር የሚል አለ። ግንባታ ላይ የቀን ሥራ ጀምሮ ለመናገር አፍሮ ነው የሚሉ አሉ። አንዴ አንዲት ልጅ «ቀይ አፈር የተቆፈረ አፈር ነው፤ መቃብር ሄዶ ይሆናል» አለች። ያኔ እኔም የምለው ጠፋኝ።

ከዚያ ወደ በርበሬው እወስዳቸዋለሁ። ቅሉ ሙሉ እያለ ልጁን ለምን ላከችው? «እንዳይሰማ» ይላሉ። ምኑን እንዳይሰማ? ታሪኩ አይናገርም። እኔም አልናገርም። እንዲያውም ጽፌው ሳበቃ አባትየው የት እንደዋለ ለራሴም አልወሰንኩም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጭብጥ ስጠይቅ «መዋሸት ጥሩ አይደለም» የሚሉ ሁለት ሦስት ተማሪዎች አሁንም አሉ። ዋሽቼ ምን እጠቀማለሁ። ግን አንዷ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «እናት የምታውቀውን ነገር ልጅ ፊት አትከፍተውም።» ይቺን መልስ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብላችሁ አታገኟትም።

አንድ ነገር ልጨምር። መጀመሪያ ስጽፈው «ጫማው ደረቅ ነበር» ብዬ ነበር። የዓሣ ገበያው ካለበት ከአሞራ ገደል በኩል የሚመጣ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ቲቸር፣ ማን ነው ጫማ አድርጎ መረብ የሚጥለው?» አለኝ። ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ። ሰሌዳው ላይ ጫማውን አጥፍቼ ሱሪ አደረግኩት። ከዚያ ቀን ወዲህ ያ ልጅ ሌሎች ታሪኮችንም የሚያዳምጠው ስህተት ሊይዝባቸው ነው። ከዚህ የተሻለ አንባቢ ከየት ይመጣል?

መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት የሚሉትን ቃላት መቼ ላስተምራቸው?

ነገሩን ካዩ በኋላ። ብዙዎቻችን በተቃራኒው ነው የምንሄደው። የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ ትርጓሜ እናስጽፋለን። «መቼት ማለት…» ብለው በቀይ እስክሪብቶ ያሰምሩበታል። ታሪኩ ሲመጣ ልጆቹ ደክመዋል።

ስለ ቀዩ አፈር ሲከራከሩ ቆይተው «አሁን ያወራችሁት መቼት ይባላል» ስትሏቸው ቃሉ ይጣበቃል። ቃሉ ራሱ ደግሞ ደስ ይላል፤ «መቼ» እና «የት» ተጋጥመው የወለዱት ነው። ሰሌዳ ላይ ከፍላችሁ አሳዩአቸው። ይህን ቃል በማስለመድ ስሙ የሚነሳው ገጣሚውና መምህሩ ደበበ ሰይፉ ነው። የተወለደው ይርጋለም ነው፤ ከእኛ ከተማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ገደማ። ይህን ስነግራቸው አንዳንዱ ቀና ይላል። የደብተሩ ቃል ከጎረቤት ከተማ ሰው ጋር ስሙ ሲነሳ ባዳ መሆኑ ይቀራል።

ለ10ኛ ክፍል አምስት ቃል ይበቃል፦ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ግጭት፣ አንጻር (ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ)፣ ጭብጥ። ንግር (የሚመጣውን ቀድሞ መጠቆም) እና ምልሰት (ወደ ኋላ ተመልሶ መተረክ) ታሪኩ ውስጥ ሲመጡ ብቻ ይጠሩ። የሌለ ንግር አታስፈልጉ።

አማርኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ተማሪዎች ይከብዳቸዋል። እንዴት ልርዳቸው?

ሀዋሳ ውስጥ ይህ ልዩ ሁኔታ አይደለም፤ ክፍሉ ራሱ እንዲህ ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንዳንዱ ልጅ ቤቱ አንድ ቋንቋ፣ ሰፈሩ ሌላ፣ ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ነው።

መጀመሪያ እኔ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። ከባድ ቃላትን ሰብስቤ ከነትርጉማቸው ሰሌዳ ሙሉ እጽፍ ነበር። ሠላሳ ቃል! ታሪኩ ሳይጀመር ክፍሉ ያልቃል። አሁን ያለ እነሱ ታሪኩ የማይገባባቸውን አራት ወይም አምስት ቃላት ብቻ እመርጣለሁ። በዓሣ አጥማጁ ታሪክ ውስጥ ለምሳሌ «ቅል» አንዷ ናት። የከተማ ልጅ በርበሬ የሚያውቀው በፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ የገጠሩ ልጅ ደግሞ ቅሉን አሳምሮ ያውቀዋል፣ የአማርኛ ስሙን ግን አያውቀውም። እኔ ዝም ስል ሁለቱ እርስ በርስ ይነጋገራሉ።

ሌላው ይኼ ነው። አንብቤ ስጨርስ ለአምስት ደቂቃ በፈለጉት ቋንቋ እንዲያወሩበት እተዋቸዋለሁ። ሲዳምኛ የሚችሉት በሲዳምኛ ይከራከራሉ። እኔ ግማሹን አልሰማም፤ ምን ቸገረኝ? ሐሳቡ መጀመሪያ ይምጣ፣ አማርኛው ይደርሳል። ከዚያ ከየቡድኑ አንዱ በአማርኛ ይነግረናል። ቀድሞ ዝም ይል የነበረ ልጅ የሚናገረው ነገር ይዞ ነው የሚነሳው።

ጩኸት ይኖራል። እኔም ስለ ጩኸቱ ቢሮ ተጠርቼ ተወቅሻለሁ። «ክፍልህ ገበያ መሰለ» ተባልኩ። እንዳጋጣሚ ያን ቀን የተነበበው ታሪክ ስለ ገበያ ነበር።

በዚያው ከየቤታቸው አንድ ተረት ያምጡ። አያት የነገሩትን በአማርኛ ጽፈው ያንብቡ። ከዚያ ተረትና አጭር ልብ ወለድ በምን እንደሚለያዩ ራሳቸው ይነግሯችኋል፤ ትርጓሜ ማስጻፍ አያስፈልግም። ተረቱ ውስጥ ጅቡ ጅብ ነው፣ ሞኝ ነው፣ አለቀ። የዓሣ አጥማጁ ሚስት ግን ምን ዓይነት ሴት እንደሆነች እስከ ደወሉ ያከራክራል።

የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ። ይኼ ለእኔም ይሠራል?

ይሠራል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቹ ቋንቋውን የሚያውቁት ከባዮሎጂና ከፊዚክስ መጽሐፍ ነው፤ ሰው ሲጣላ ምን እንደሚባባል አያውቁም። ንግግር የበዛበት ታሪክ ምረጡ። ቀርፋፋ አድርጋችሁ ሁለቴ አንብቡ። ክርክሩን በአማርኛ ጀምሩት፣ ማንም አይከሳችሁም።

ከየትኞቹ ደራሲዎች ልጀምር?

«ከጥንት ጀምረህ ወደ ዛሬ ና» የሚለው ሥርዓት ለታሪክ ትምህርት ይሆናል። ለንባብ ግን ገዳይ ነው። ልጆቹ ከሚያውቁት ዓለም ጀምራችሁ ወደ ኋላ ውሰዷቸው።

ወደ ኋላ ስትሄዱ ግን ሁለት ጣቢያ አይታለፍም። «ልብ ወለድ» የሚለው ስም የተለመደው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ አጭር ልብ ወለድ ተብሎ በብዛት የሚጠቀሰው ደግሞ የተመስገን ገብሬ «የጉለሌው ሰካራም» ነው፤ 1941 ዓ.ም.። ይህን ለ11ኛ ክፍል አንብቤያለሁ፣ አሁንም ያስቃል። ሰካራሙ ከራሱ ጋር ሲጣላ ልጆቹ ሰፈራቸው ያለ ሰው ይታያቸዋል። አጭር ልብ ወለድን ለብቻው ጥበብ አድርጎ በመጻፍ ታደሰ ሊበን ቀዳሚ ከሚባሉት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርንና አዳም ረታን ለኮሌጅ አቆያቸዋለሁ። አዳም ለ10ኛ ክፍል አይሆንም ማለቴ አይደለም፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ ጊዜ ይፈልጋል፣ 40 ደቂቃ ደግሞ ጊዜ አይደለም።

ስካር፣ ወሲብ ወይም ፖለቲካ ያለበት ታሪክ ላንብብ?

ስካር ችግር የለውም፤ ከላይ ያለው ታሪክ ከስሙ ጀምሮ ሰካራም ነው። ወሲብ ላይ ግን ለሁለተኛ ደረጃ ጥንቁቅ ነኝ። ታሪኩን ቆራርጦ ከማንበብ ሌላ መምረጥ ይሻላል፤ የዘለላችኋትን መስመር ልጆቹ ማታውኑ በቴሌግራም ያገኟታል። አንድ ብሔርን ወይም ሃይማኖትን መሳቂያ የሚያደርግ ታሪክ፣ ምንም ያህል በደንብ የተጻፈ ቢሆን፣ ሀዋሳ ክፍል ውስጥ አላነብም። ሥነ ጽሑፍ ነው ብላችሁ ልትከራከሩኝ ትችላላችሁ። እኔ ግን ሦስተኛው ዴስክ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ፊት እያየሁ ነው የማነበው።

ኮሌጅ ላይ ምን ይለያል?

የማታ ተማሪዎቼ ከሥራ ነው የሚመጡት። ባንክ የሚሠሩ አሉ፣ ነርሶች አሉ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውለው የሚመጡ አሉ። እንቅልፋቸውን አትናቁት። ለእነሱም አነብላቸዋለሁ። መጀመሪያ ላይ «እንደ ሕፃን ያነብልናል» ብለው ሙድ ይይዙብኛል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ስልክ የሚነካ የለም።

ልዩነቱ አንጻር ላይ ነው። ይህን ለሁለተኛ ደረጃ በስሱ ነው የማልፈው። ለማታዎቹ ግን ያንኑ የዓሣ አጥማጅ ታሪክ እሰጥና «እናትየዋ ትተርከው» እላለሁ። ሃያ ደቂቃ ይታገላሉ። አብዛኞቹ ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይቆማሉ። ለምን ቆማችሁ? «እሷማ ታውቃለች!» በቃ፣ ትምህርቱ ይኼው ነው። ታሪኩ ታሪክ የሆነው የሚያየው ልጅ ስለማያውቅ ነው። ከዚያ ወዲያ ስለ አንጻር ምንም ባልነግራቸው አልጸጸትም።

ዕድሜም ይለያያል። ቀን ያሉት ከልጁ ጋር ይቆማሉ። የማታዎቹ ግን ከእናትየዋ ጋር፤ አንዷ «ልጁን ለማዳን አይደለም የላከችው፤ ብቻዋን ልታለቅስ ነው» አለች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ አባትየውን ጥብቅና ቆመለት። «ባዶ እጁን የገባ ሰው ምን ይበል?» አለ፤ የሚያወራው ስለ ታሪኩ ብቻ አይመስልም ነበር። እንዲህ ሲሆን አትቆፍሩ። ራሱ ካልቀጠለ ወደ ገጹ ተመለሱ።

«ቲቸር፣ ይኼ ለኢንትራንስ ይመጣል?» ሲሉኝ ምን ልበል?

አይመጣም በሏቸው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ አማርኛ የለም፤ እነሱም ያውቁታል። የእንግሊዝኛው ፈተና ግን አንብቦ መረዳት አለበት፤ ያልተባለውን ከተባለው ማውጣት የሚጠይቅ። ደረቁ ሱሪ ያስተማራቸው እሱን ነው። ይህን አንዴ ንገሯቸውና ወደ ታሪኩ ግቡ። ራሳችሁን ለማስረዳት ግማሽ ክፍለ ጊዜ ካቃጠላችሁ ያሸነፉት እነሱ ናቸው።

ታሪኩን በፒዲኤፍ በቴሌግራም ግሩፕ ብልክላቸውስ?

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር የሚደረግን ማባዛት በመጠኑ ይፈቅዳል፤ የደራሲው ስምና ምንጩ መጠቀስ አለበት። አንድ ታሪክ ለክፍላችሁ ማባዛት አንድ ነገር ነው። ሙሉ መጽሐፉን እስካን አድርጎ ሁለት ሺህ ሰው ያለበት ቻናል ላይ መልቀቅ ሌላ። ደራሲዎቻችን ከመጽሐፍ ሽያጭ የሚያገኙት ያቺኑ ነው።

የቤት ሥራውን በቻትጂፒቲ ሠርተው ያመጣሉ። እንዴት ልቆጣጠር?

መቆጣጠሩን ትቼዋለሁ። የቤት ሥራውን ነው የቀየርኩት። «የታሪኩን ጭብጥ በአንድ ገጽ አብራራ» ካላችሁ የሚመጣው ሁሉም ቦታ የሚሆን፣ የማንም ያልሆነ አማርኛ ነው፤ ሦስት ነጥብ፣ መደምደሚያ፣ «በአጠቃላይ» የምትል ቃል። በምትኩ «ክፍል ውስጥ ማን ምን አለ? በማን ሐሳብ አልተስማማህም?» ብላችሁ ጠይቁ። ማሽኑ ክፍላችን አልነበረም።

ማርክም በዚሁ ይሰጣል። እኔ ከአሥር ስድስቱን የምሰጠው ከታሪኩ ውስጥ ነገር ጠቅሶ ለተከራከረ ነው፤ መልሱ ከእኔ ጋር ባይስማማም። አራቱ ለቋንቋው። ሰዋስዉ የተሰበረ ግን ሱሪውን ያየ ልጅ መውደቅ የለበትም።

ራሳቸው እንዲጽፉ ማድረግ ይቻላል? ከየት ይጀምሩ?

ይቻላል። «ስለ ፍቅር ጻፉ» ካላችሁ ግን ዘፈን ነው የሚመጣላችሁ። እኔ ቅዳሜ ጠዋት ፈቃደኞቹን ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳር እወስዳለሁ። ሕጉ አንድ ነው፦ «ውብ»፣ «ማራኪ»፣ «አስደናቂ» ክልክል ናቸው። አምስት ያያችሁትን ነገር ጻፉ። ጉሬዛ፣ የጀልባ ቀለም፣ የሎሚ ልጣጭ፣ ምንም ይሁን። አንድ ልጅ ዓሣ ከሚበለትበት አጠገብ የቆመውን አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ አይቶ «ካፖርት ለብሶ ደሞዝ የሚጠብቅ ዘበኛ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ «ዘበኛው ስንት ወር ደሞዝ አልተከፈለውም?» አልኩት። ታሪኩ ከዚያ ተጀመረ።

የጻፈውን ክፍል ውስጥ ላንብብለት?

እዚህ ላይ እኔ ራሴ አጥፍቻለሁ። አንዲት ተማሪ ግሩም ነገር ጽፋ መጣች። ደስታዬ ልኩን አለፈና ስሟን ሳልጠራ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ክፍሉ የማን ቤት እንደሆነ አወቀ። እሷ ቀና አላለችም። በማግስቱ ቀረች። በሦስተኛው ቀን መጣች፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ግን የጻፈችልኝ ስለ አየር ሁኔታ ብቻ ነው። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። «ችግር የለም ቲቸር» አለችኝ፤ ችግር እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን።

አሁን እንዲነበብ የማይፈልጉ ልጆች ወረቀቱ ራስጌ ላይ ትንሽ ክብ ይሥሉበት ብያለሁ። ክብ ያለበት ወረቀት ጮክ ተብሎ አይነበብም፣ አይጠየቅም፣ ማርኩ ብቻ ይመለሳል። ለምን ከበብክ ብዬም አልጠይቅም። ባለፈው ከሰበሰብኳቸው 58 ወረቀቶች ዘጠኙ ክብ ነበራቸው። አንዱ ላይ ክቡ ተሥሎ ከዚያ ተሰርዟል። እሱን እስካሁን አላነበብኩትም፤ ሰኞ ልጁን እጠይቀዋለሁ።